የሌሊት ፔዳል

ቀኑን ሙሉ አራዳ፣ ከቤቴ በረንዳ ሥር፣
ሲንጀሬን ስረግጥ፣ ስዘመዝም፣ ስቋጥር፣
ይታዘዘኛል እግሬ፤ ቁም ስለው ይቆማል፣
ሂድ ስለው ይሄዳል።
መብራት ሲጠፋ ነው ጌታውን የሚረሳ፣
እኔ ጋደም ስል ነው እሱ የሚነሳ።

ሕመም ነው እንዳልል፣ አያምም።
ማሳከክ እንዳልል፣ ቢያኩት አይቆምም።
ከባቴ አጥንት ውስጥ ጉንዳን መንገድ አውጥቶ፣
እንደ ቅዳሜ ገበያ አንዱ አንዱን ገፍቶ፣
ወይ ከለስላሳ ጠርሙስ አረፋ እንደሚፈላ፤
ቃል ስፈልግለት ነጋ፤ አላገኘሁም ሌላ።

«እግሬ አውጪኝ» ይላል ሰው፣ የሚያባርረው ሲመጣ፤
እኔን ያባረረኝ እግሬ፣ በየት በኩል ልውጣ?

እንጉዳይ ሁለት ክረምት ርግጫዬን ችላ፣
በሦስተኛው ማዶ ክፍል፣ መደብ ላይ ፍራሿን ጥላ፣
«ያገባሁት ሰው እንጂ በቅሎ መቼ ነው?» አለች።
ሳቅን። ከግድግዳው ወዲያ ግን ሳትተኛ ቆየች።

አያ ቢያድግልኝ ጎረቤቴ፣ ከዘራውን ተክሎ፣
«መንገድ የተጻፈበት እግር ነው፤ ይሂድ» አለ ምሎ።
ሄድኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከውሻ ጋር፣
እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ እስከ ቅጥሩ ዳር።
በሩ ዝግ ነው። ጣራውን ግን በልቤ አውቃለሁ፤
እነዚያን መላእክት ቆሜ አስባለሁ፦
ፊትና ክንፍ ብቻ፣
እግር የሚባል ዕዳ የሌለባቸው፣
እንደኔው ሳይተኙ የሚያድሩ፣ ፈጦ ዓይናቸው።
ማርያምን፣ ቀናሁ።
ደንግጬ አማተብኩና ዞሬ መጣሁ።

ሆስፒታል ያገኘኋት፣ ልጄን የምታህል ሐኪም፣
አልሳቀችም።
«ብዙ ሰው አለበት፤ እብደት አይደለም» አለች፣ «እርግማንም።»
ደሜን አስመርምራ፦ «ብረትዎ አልቋል።»
ብረት!
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት የረገጠ እግር፣
ለካ የብረት ረሃብተኛ ሆኖ ኖሯል ሲያድር።

አሁን ኪኒኔን በሎሚ ውኃ እውጣለሁ፣
የማታ ሻዬን ትቻለሁ። (ውሸት አልወድም፤ ቀንሻለሁ።)
ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ባቴን አሻለሁ፤
ግድግዳ ገፍቼ ጅማቴን እስባለሁ፣
ቤቱን የማፈርስ ይመስል።

እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ሌሊት ይመጣል።
ሐኪሟም «ይገራል» እንጂ አላለችኝም «ይጠፋል»።

ትናንት መጣ። ተነሣሁ። መኪናዋን ከፈትኩ፣
ክር ሳላስገባ፣ በጨለማ፣ ቀስ ብዬ ረገጥኩ።
ከግድግዳው ማዶ እንጉዳይ፣
«የማን ልብስ ነው በዚህ ሰዓት?» አለች።
«የእንቅልፍ» አልኳት።
ዝም።
«እንግዲያው አታጥብበው።»
ፍራሿ ሲጎተት ሰማሁ።