ሰማያዊ አምባር

ጥር ነው፤ በቪዜው ከተማ ዝናቡ አላባራ፣
እኔ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ሕዝቡ ከፊት በተራ።
በእጄ አምስት ቀለም፣ አምስት የወረቀት አምባር፤
ቀዩ ነፍሱ ለምትወጣ፣ ብርቱካኑ ለሞት ድንበር፣
ቢጫው ይጠብቃል፣ አረንጓዴው ይቆያል፣
ሰማያዊ ያሰርኩለት ቤቱ ቢያድር ይሻለዋል።

«ምንዎን ነው ያመመዎት?» እንጀራዬ ነው መጠየቅ፤
አንዱን እሾህ ወግቶታል፣ በመነጽር የማይታይ ረቂቅ።
አንዷ ሕልም አይታ ነው፤ ጥርሷ ሲረግፍ፣ ባሕር ሲነጥቃት፤
«ከነቃሁ ወዲህ ልቤ ይመታል» አለች። ይምታ እንጂ! ልላት
ብዬ ዋጥኩት።
ፈተና ያመለጠው ጎረምሳ ሆዱን ይዞ ያቃስታል፣
«ማኅተም ያለው ወረቀት ይሁንልኝ» ይላል፤
ስሙን ስጽፍ ግን ሕመሙን ረስቶ ፊደሌን ያርማል።
ጥበቃው አደሪቶ በሩ ላይ ቆሞ ያዛጋል፤
«ዝናብ የሸሸ ሁሉ እዚህ ሲደርስ ይታመማል።»

ዶክተር ቫልዴማር በአሥራ ዘጠነኛ ሰዓቱ፣
የበረደ ሾርባ በወረቀት ኩባያ፣ ቆሞ ነው እራቱ፤
«ግራሲየት፣ ዛሬ ስንት ሰማያዊ?»
«ሠላሳ አንድ።»
ሳቀ፤ ሳል የመሰለ ሳቅ፣ ደረቅ፣ ብረታዊ።

እኔም እቆጥራለሁ። ደብተር አለኝ በመሳቢያ፣
ላለመጮህ የጀመርኩት፣ የንዴት ማቆያ፦
የጆሮ መስሚያው ባትሪ ያለቀበት፣
ድመት የጫረችው፣ ደም የሌለበት፣
ከሚስቱ ተጣልቶ ማደሪያ ያጣ፣
«ሰው ልይ ብዬ ነው፣ ምን አለበት!» ያለችኝ በቁጣ።

ከመጋረጃው ወዲያ ዙልሚራ፣ ቢጫ አምባር አስራ፣
ጎኗን ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እሷም ትጠብቃለች በተራ።
አራተኛ ሰዓቷ ነው። እሷን ባየሁ ቁጥር
እሾሁም፣ ሕልሙም፣ ማኅተሙም ይሆኑብኛል የጉሮሮ አጥንት፣
አልጋዋ ላይ የተኙ ይመስል እነዚያ ሁሉ በአንድነት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ መጣ፣
ሙሉ ልብሱ የተተኮሰ፣ ኮፍያው ውኃ የጠጣ።
ኤርሚኒዮ ይባላል፤ ከተራራው መንደር፣ የላስቲክ ከረጢት ይዞ፣
ሦስት ሰዓት ተቀምጧል፣ በእርጥብ ጫማ ደንዝዞ።
«የት ጋ ነው?» አልኩት፣ ቀና እንኳ ሳልል።
ከረጢቱን ፈታ፤ ሦስት የመድኃኒት ካርቶን ደረደረ፣
ግራ ቀኙን አይቶ፣ በሹክሹክታ ጀመረ፦
«አያመኝም፣ ልጄ። የማታው የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ፤
ባለቤቴ ነበረች የምትለየው፤ እሷም ኅዳር ላይ ተለየችኝ።
እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

በአንዱ ላይ ፀሐይ ሣልኩ፣ በአንዱ ዳቦ፣ በአንዱ ጨረቃ፤
ጨረቃዬ ሙዝ መሰለች። ሳቀ። ጉዳዩም በዚያው አበቃ።
አርባ ሰከንድ ፈጀ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ልማዴ ሆኖ፣
ሰማያዊውንም አሰርኩለት፣ ሕጉ ነውና፣ ሠላሳ ሁለተኛ፣
ከዚያ ወደ ዙልሚራ ሮጥኩ፣ እንደ ወንጀለኛ።
ሐሞቷ ነበር። ንጋት ላይ ቀደዷት፣ ዳነች፤
አርባው ሰከንድ ከማን እንደተቀነሰ ግን አልጠየቀች።

በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ አዳራሹ እስከ አፉ ሞልቶ፣
ቁጥር ስጠራ ያው ኮፍያ ተነሣ፣ ካርዱን አውጥቶ።
«ደግሞ ምን ሆኑ?» አልኩ፤ የድምፄ እሾህ እኔኑ ወጋኝ።
ከረጢቱን ፈታ። ሎሚ ነው፣ ከነቅጠሉ፣ ስምንት ወይ ዘጠኝ፤
«በር ላይ ላኑረው ብል፣ ጥበቃው ‹ቁጥር ሳይወስዱ› አለኝ፤
ወሰድኩ።»
አራት ሰዓት ጠብቋል።

ስክሪኑ ላይ ባዶ ሣጥን፤ «የመጡበት ምክንያት» ይላል፣
ሳይሞላ አያሳልፍም፤ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።
አደሪቶ ከበሩ ጣራ ጣራውን ያያል።
ጻፍኩ፦ ሎሚ።
ከዚያ እጄን ወደ አምባሮቹ ሰደድኩ፤ አምስት ቀለም።
እጄ ዘገየ።
ከኋላው አንድ ሰው ሳለ።