ሁለት ደቂቃ

አራት ሰዓት ነዳች፣ ሌቱ ሳይገፈፍ፣
በረዶ ባለበሰው በቆሎ ማሳ ጫፍ፤
ማርዴል ክራቶቪል፣ የኮልቢ እናት፣
ወደ ሊንከን ከተማ፣ ወደ ምክር ቤት።
ወረቀት ይዛለች ሦስቴ የታረመ፣
አንዱ ጥጉ ላይ በቅቤ የታተመ።

"ትምህርት ቤት ስለ ልጅ የሚያውቀው ነገር
ከወላጁ ጆሮ አይሰወር" ብሎ የሚናገር
ሰባተኛው አንቀጽ፣ ቢጫ የተቀባ፣
ገና ሳታነበው ያመጣባታል እንባ።

ኅዳር ላይ ነው ነገሩ። ከሱቅ ተሰልፋ፣
የመምህር ፔትስካ ሚስት ትከሻዋን ደግፋ፣
"ኮልቢስ ተሻለው ወይ? ለባሌ ነግሮት ነበር፣
ሌሊት ሌሊት ያለቅሳል አሉ" አለቻት፣ ሲሰማ ሰፈር።
ገንዘብ ያዡ እንኳ ቀና ብሎ አያት፤
እሷ ግን ሳቅ ብላ "ደህና ነው" አለቻት።

ታላቁ፣ ሮሪ፣ ባለፈው መኸር
በበቆሎ ጎተራ ሰጥሞ ከሞተ ጀምሮ፣
ስሙን የጠራ የለም በዚያ ቤት ዘንድሮ።
አንድ ጣውላ ነው የሚለየው የእናትና የልጅ መኝታ፤
እንዴት ሳትሰማው ቀረች አንድም ማታ?
ወይስ ሰምታ ይሆን፣ "ቧንቧው ነው" ብላ፣
"ነፋስ ነው" ብላ፣ ዞራ ተኝታ?

አዳራሹ ሞቋል፤ እርጥብ ካፖርት ይሸታል፤
አንድ አባት ጠረጴዛ መትቶ "ልጁ የማን ነው?" ይላል።
ቀጥላ አንዲት ወጣት፣ ድምጿ እየራደ፣
"ለቤቴ ነግረውብኝ ቢሆን ኖሮ..." ብላ፣ ቃሏ ሄደ።
ማርዴል ለሁለቱም ራሷን ነቀነቀች፤
ስሟን ሲጠሩት ግን የሰው መሰላት፣ ዘገየች።

ለሰው ሁለት ደቂቃ። አረንጓዴው ሲበራ
ወረቀቷን ዘረጋች፣ እጇ እየፈራ፦
"አንቀጽ ሰባትን እደግፋለሁ። እናት ነኝ። መብቴ ነው።
ልጄ የሚያስበውን..." ቢጫው በራ። ቀጣዩን መስመር ዘለለችው።
"ሕጉስ ይውጣ" አለች፣ ወረቀቱን አጥፋ፣
"እኔ ግን... ሰምቼው ነበር... በግድግዳው..." ድምጿ ጠፋ።
ቀዩ በራ። ሰብሳቢው "እናመሰግናለን" አለ፤
"ጥያቄ?" ቢል ግራ ቀኝ፣ ጠያቂ የለ።

ማታ ስትገባ ኮልቢ አልጀብራ ያጠናል፤
"ምን አልሻቸው?" ይላል፣
አይኑን ሳይነቅል።
"አልጨረስኩም" አለች፣ ቦቷን እየፈታች፤
ካፖርቷን እንደለበሰች አጠገቡ ተቀመጠች።
ጠረጴዛው ላይ የፈቃድ ወረቀት፣
ለግድብ ጉብኝት ፊርማ የሚሻ ከእናት።
ፊትና ጀርባውን አነበበች፤ እስክሪብቶ ፈለገች፤
ከዚያ፣ ሳትፈርም፣
"ሮሪ..." አለች።