ዘጠና ከመቶ

ከቀትር በኋላ፣ ድሬ ስትከድን፣
ባጃጅ እንኳ ቆማ ጥላ ስትለምን፣
አቶ ጃፋር መጡ ሱቄ ደጃፍ ድረስ፣
በሽርጣቸው ጫፍ ላይ ላባቸው ሲታበስ፤
በጋዜጣ ጠቅልለው፣ እንደ ትኩስ ዳቦ፣
ሲዲውን አስቀመጡት። «ስማኝማ፣ አቦ፣
የልጄን ሰርግ ቀርጸህ፣ ገንዘብ ተቀብለህ፣
እኔን የት አደረስክ? የት ጣልከኝ ቆራርጠህ?

ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሙሸበክ ታድሎ፣
ሰው ምንጣፉን ሞልቶ፣ ልጅ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣
ሙሽራዋ አለች፣ ኬኩ አለ፣ ከበሮውም አለ፤
አባትየው ብቻ ግን ከሰርጉ ጎደለ።
በግራ በኩል አንድ ክርን ብቅ ሲል፣
‹እሱ ነው› አለች ሚስቴ፣ ለማስተባበል።
‹ሰርጉ ለት የት ሄደህ?› እያሉ ሳቁብኝ፤
በዚያ ሙቀት፣ ሱፍ ኮት፣ እኔን ነው ያላበኝ!»

ኮምፒዩተሬ ላይ ከፈትኩት።
አሉ።
ከድንኳኑ ምሰሶ ተጠግተው ለብቻ፣
እግራቸው ግማሹ ከምንጣፉ ዳርቻ።

«መሐል ለምን አልቆሙም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ» አሉ፣ ተቃና ድምፃቸው፣
«ምድር ባቡር ሳለሁ፣ ከኋላው ፉርጎ ላይ፣
ቀይ ፋኖስ ይዤ ነው የኖርኩት፣ ኋላ ሳይ፤
መሐል መቆም እግሬ ከቶ አልለመደም፤
ዳር የሚቆም ከሌለ ባቡሩ አይሄድም።»

ተከትዬ ሄድኩኝ ገንደ ቆሬ ድረስ፤
ቴሌቪዥኑ ባለ ጀርባ ነው፣ ዳንቴል የሚለብስ።
ፍርግርግ መስመር ሥዬ ባዶ ሲዲ ላይ ጻፍኩ፣
ከመስታወቱ ጋር በጣቴ አመሳከርኩ፤
ከግራ ሁለት ጣት፣ ከቀኝ ሁለት ጣት፣
ከላይ ከታች አንድ አንድ፤ ይህን ያህል ነው ምስሏን የዋጣት።
ክፋት የለውም፤ ሲሠራ እንዲህ ተሠራ፤
ዳር ዳሩን ሳይጠይቅ የሚበላ፣ ከቀኝም ከግራ።

እናቴ የሐረር ሰው ነች። በልጅነቴ ትል ነበር፦
«ጅብ ከግንቡ ውጭ ከጎረሰ፣ ሰው ሰላም ያድር።»
እኔም ምስሉን አጠበብኩት፣ ዘጠና ከመቶ፤
ዙሪያውን ጥቁር ባዶ፣ አራቱን ጎን ሞልቶ፤
ያንን ይብላ ሆዳሙ፤ ጥቁሩን ይጥገብ፤
አቶ ጃፋርን አይንካብኝ፣ አይቅረብ።

ወይዘሮ ሐሊሞ ግን ከጓዳ ሲወጡ፣
«ጥቁር? ለሰርግ?» ብለው ዓይኔ ላይ አፈጠጡ።
«አይታይም እኮ!» ብል፣ «አላህስ አያይም?»
አሉኝ። አረንጓዴ ቀባሁት። ለማይታይ ቀለም
እንደዚያ ደክሜ አላውቅም።

መብራት ሄዶ መጣ፤ ሲዲው እያፏጨ፣ እየዞረ፣
ክርኑ ትከሻ አወጣ፣ ትከሻው አንገት ጨመረ፤
አቶ ጃፋር ታዩ! ቤቱ ፉጨት፣ እልልታ።
ከጀርባቸው ደግሞ አንዲት ሕፃን ገብታ፣
ሙሸበክ ወደ ኪሷ ስታሾልክ፣ ዞር ዞር ብላ አይታ፤
ሰርጉ ለት ማንም አላያት፤ ተያዘች ያን ማታ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ስልኬ ጠራ፤ ጃፋር ናቸው፤
«ልጄ ከታይዋን ገበያ ጠፍጣፋ ገዛ» አሉኝ፣ በዚያው ድምፃቸው፤
«የማይበላ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያሳያል፤
አረንጓዴህም ወጣ፤ ሰርጉን እንደ አጥር ከቦታል።»
«ያምጡት» አልኩ፣ «ልመልሰው፤ እንደ ጥንቱ ይሰፋል።»
ዝም አሉ። የማራገቢያቸው ድምፅ ይሰማኛል።

«ተወው፣ አቦ። አሁን ከእኔም ወዲያ ዳር አለ፤
ሰው ይቁምበት ምናልባት፣ ያልተጠራ፣ የዘገየ ካለ።»

ከዚያ ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ካርዳቸው እስኪያልቅ።