የመኪናዬ ሆድ

በጀርባዬ ተዘርግቼ፣ ከቢያዝን ጋራዥ ወለል፣
የመኪናዬን ሆድ አየሁት፣ በእጅ ባትሪ ጭላንጭል።
ዘጠኝ ዓመት ፊቷን አጥቤ፣ መስተዋቷን አወልውዬ፣
ለካ ሆዷን አላውቀውም። አፈርኩ እዚያው ተንጋልዬ።
የጨሞጋ ጠጠር ጭሯታል፤ የሮብ ገበያ ዳገት ፍቋታል፤
ከካምቢዮዋ ሥር የአምና ጭቃ እንደ ቂጣ ተጋግሯል፤
ኮፓዋ ላይ፣ ጣት የሚያህል፣ የብየዳ ጠባሳ አለ፤
እሱን ዳሰስኩት፤ አፌ ግን ምንም ሳይል ዋለ።

ሁለት ላሜራ ቆመዋል፣ ግድግዳውን ተደግፈው፤
አንዱ አልሙኒየም ነው፣ መስተዋት ሆኖ ጺም የሚያስላጨው፤
ሌላው ብረት፣ ጥቁር፣ ኩርፍ ያለ፣
ሁለት ሰው ካልያዘው ካለበት ንቅንቅ ያላለ።

«የቱ ይሻላል?» አልኩት።
ቢያዝን የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
«መጀመሪያ ንገረኝ፣ የየትኛው ወንዝ ድንጋይ ነው?» አለ።
«ብረትን ድንጋይ ሲመታው ይጮሃል፣ ይንሸራተታል፣ ያልፋል።
አልሙኒየም ሆደ ቡቡ ነው፤ ድንጋዩን አቅፎ ይቀራል፤
አንተንም ከነጭነትህ እዚያው ያስቀርሃል።
ክብደት ከሆነ ነገርህ፣ አልሙኒየም ላባ ነው፤
ክረምት ቢመላለስበት፣ ዝገት የሚሉት አይነካው።
ዋጋው ግን…» አለና በጣቱ አቧራ ላይ ጻፈው።
ረዳቱ አንለይ ቁጥሩን አየ፤ አዝኖልኝ መሰል፣ በጫማው አጠፋው።

ማታ ይርገዱ ባለቤቴ ደብተሯን ገለጠች፤
ጭነታችን የድንች ዘር ነው፣ ኪሎ ሳትቆጥር መቼ ተኝታ ታውቃለች!
«ብረቱ አርባ ሁለት፣ አልሙኒየሙ አሥራ ስምንት፤
ልዩነቱ ሃያ አራት ኪሎ። የተማሪ ልጅ ክብደት!
ዳገት ቁልቁለቱን ሁሉ አዝለኸው መዞር ማለት።»
ልክ ናት። አልተከራከርኩም።
ግን ያ የነሐሴ ቀን መጣብኝ፤ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

ከድጓ ጽዮን ወዲህ፣ ስሙን የማላውቀው ወንዝ፣
ውሃው ደፍርሶ፣ አላፊውን ሊይዝ፣
ድንጋዩን ከሥሩ ሸሽጎ…
«ቋ!» አለ። ከዚያ ዝም።
ዘይቷ ቀስተ ደመና ሠርቶ ቁልቁል ወረደ ሲንሳፈፍ፣
እኔ ጉልበቴ ከድቶኝ ቆምኩ፣ የራሴ ደም እንደሚጎርፍ።
ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች፣ ከላይ ድንጋይ ላይ ሆና፤
እኔንም ዘይቱንም አየች፤ ተነሣችና
ግማሽ ሳሙናዋን ዘረጋችልኝ።
«ድፈነው። ጀሪካኔም ሲያፈስ በዚህ ነው የምደፍን» አለችኝ።
አሟሽሼ ስንጥቁ ውስጥ ወተፍኩት፤ ዳዴ እያልኩ ገባሁ።
የመጀመሪያው ጋሻዬ እሱ ነው።
ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፤ ሸሸሁ።

ጧት ቢያዝንን ጠየቅኩት፤ «አልሙኒየም ቢቀደድ ማን ይበይደዋል?»
«ባሕር ዳር አንድ ሰው አለ። እሱም ደስ ሲለው ይሠራዋል።»
«ብረትስ?»
ሳቀ። «ድጓ ጽዮን ከገበያው በላይ፣ ጄኔሬተር ያለው ልጅ አለ፤
ሮብ ገበያም ሰው አይጠፋም። ሰው ቢጠፋ መዶሻ አለ።»

ብረቱ ገባ። አሥራ ሁለት ቡሎን፣ አንድ በአንድ ጠበቀ።
ክሪኩ ሊወርድ ሲል፣ አንለይ ከሥር ሆኖ ሳቀ፤
«ጋሼ፣ የዘይቱ መፍሰሻስ? በየት በኩል ሊፈታ ነው?»
ቢያዝን እኔን አየኝ፤ እኔ ብረቱን አየሁት።
ድንጋዩን፣ ክብደቱን፣ ዝገቱን፣ ዋጋውን ሁሉ ስናሰላ፣
መውጫ የሚባል ነገር ከሁላችን ራስ ተሰልቦ ኖሯላ!
አሥራ ሁለቱም ቡሎን ተፈታ።
ቢያዝን በጠመኔ ክብ ሠራ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታህል፤
እሳቱ ብረቱን ሲቀደው፣ ፍንጣሪው እስከ በሩ ሲዘል፣
«ሆድ ሁሉ ይደፈን አይባልም» አለኝ።
«የጠቆረ ዘይት መውጫ ካጣ፣ ድንጋይ ሳይነካትም ያቃጥላታል።»

ያን ማታ ለይርገዱ ወንዙንም ሳሙናውንም ነገርኳት፤
ዓመት ሙሉ ሆዴ የያዘውን፣ እንባዬን እንኳ ሳልደብቃት።
ዝም አለች። ደብተሯን ሳበች።
ከአርባ ሁለት ኪሎ ብረት በታች፣
«አንድ ካርቶን ሳሙና» ብላ ጻፈች።