ስለ ድመቱ ነው የጠየቀችኝ

መጀመሪያ የሸሸው ሳፋውን ነበር፤
አንድ ቀን ካልጋ ሥር፣ አንድ ቀን ከበር።
ዝም አልኩት፤ አገሩን እስኪለምድ ብዬ፤
ከኮምቦልቻ ሙቀት፣ በካርቶን አዝዬ፣
የሐረጎ ጥምዝምዝ እያዞረው ራሱን፣
እኔ ነኝ ወደ ጉም ያወጣሁት እሱን።

በሰኞ ገበያ ግን፣ ሰው በሞላበት ዕለት፣
የሐጂ ይማም ሱፍ፣ የሙሽራዋ አባት፣
ተተኩሶ፣ ታጥፎ፣ ቁልፍ ብቻ ሲቀረው፣
ወጣበት። ዞረበት። ቁጢጥ አለ። ሸናበት።
ዓይን ዓይኔን እያየኝ።
ይህችን ነው ያልማርኩት።

በነጠላ ጫማ ጀርባውን አቀመስኩት፤
አፍንጫውን ይዤ ከርጥቡ አሸሁት፤
በረኪና ገዝቼ ወለሉን አጠብኩት።
ሽታው የጠራው ይመስል፣ ማታ ተመልሶ
እዚያችው ላይ፣ በልኳ፣
ደገመኝ።

መካሪ አላጣሁም።
አናጢው መኩሪያ፣ ሰጋቱራ በነፃ የሚሰጠኝ፣
"በጆንያ ቋጥረህ ቦርከና ጣለው" አለኝ።
እትዬ ዘምዘም "ሎሚ እርጭ፣ በርበሬ በትን" አሉ፤
በተንኩ፤ እኔው ሳስነጥስ አደርኩ ሌሊቱን ሙሉ።
ተለማማጄ ሷሊህ፦ "ቂም ነው፤ ድመት ቂም ይይዛል።"
አመንኩት።
ሳምንት ተኳረፍን፤ እሱ ከስፌት መኪናው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣
እንደ ተጣሉ ጣውንቶች።

ኋላ በዘንቢል አድርጌ ከብት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።
ከፊቴ የተሰለፉት አንድ በሬና ሁለት ሙክት።
"ለድመት?" ብለው ሳቁ።
ዶክተር ጦይባ አልሳቀችም፤ ሆዱን በሁለት ጣት ዳበሰችው።

"ለሽንት ሲቀመጥ ይቆያል?"
ይቆያል።
"ጠብታ ጠብታ ነው?"
ጠብታ።
"ጨረስኩ ብሎ ተነሥቶ፣ መልሶ ይመጣዋል?"
እህ... ይመጣዋል።
"ሌሊት ይብስበታል? ብርድ ሲሆን?"
ይብስበታል እንጂ! ሽንት ቤቱ ግቢ ማዶ ነው፣
የጦሳ ንፋስ ሲወርድ፣ ውርጩን እየረገጡ፣ በአንድ እጅ ባትሪ ይዘው፣ በአንድ እጅ —

ቀና አለች።
"ድመቱ?"

ስለ ድመቱ ነው የጠየቀችኝ።
ስለ ራሴ ነው የመለስኩት።

ካልጋዬ ግርጌ አለች፣ ክዳን ያላት ጣሳ፤
ሦስት ዓመት ያለፋት፣ ጎህ ሳይቀድ ምትነሣ።
ለሰው አልነገርኩም። አሁንም፣ ለሷ እንኳ፣
ጣሪያውን ነው ያየሁት።

"ቂም አይደለም" አለችኝ። "ሲሸና ያቃጥለዋል፤
ያቃጠለውም ሳፋው ይመስለዋል።
የማያም ቦታ ፍለጋ ነው፣ ለስላሳ ሲያገኝ ይሞክራል።
ሰጋቱራውን ድፋው፤ አሸዋ ላይ ነው ያደገው።"
መድኃኒቱን ለሱ ሰጠችኝ።
ለኔ ወረቀት ላይ የሰው ሐኪም ስም ጻፈችልኝ፤
ሳታየኝ፣ እየጻፈች፣ እንደ ዋዛ።

ሐሙስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከቦርከና ዳር ደቃቁን መርጬ
ግማሽ ማዳበሪያ አሸዋ ሚኒባስ ላይ ሳስጭን፣
"አባባ፣ ቤት ሊሠሩ ነው?" አለኝ ረዳቱ።
አዎ፣ ቤት ነው።
"ስንት ክፍል?"
አንድ። ክዳን የሌለው።

ለሐጂ ይማም ሌላ ሱፍ ሰፋሁ፤ ጨርቁን ከኪሴ።
መብራት ጠፋ አልኳቸው። ማን ይህን ይጠረጥራል?

አሁን ሌሊት ነው። ጉሙ መስኮቱን ደፍኗል።
አሸዋውን ይጭራል። ያቆማል። ደግሞ ይጭራል።
ጣሳዬን ይዤ ጨለማው ውስጥ ቆሜያለሁ፣
ተራ እንደሚጠብቅ ሰው።
እሱ ቀድሞኝ ጨረሰ፤ አለበሰው፤ አሸተተው፤ ሄደ።

ካርዱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ቀጠሮው ማክሰኞ ነበር፤
ያለፈው ማክሰኞ።
"ቡሬ" አልኩት፣ "ቡሬ ሆዬ፣
እኔንስ በዘንቢል አድርጎ ማን ይውሰደኝ?"