ዐሥራ አራት ቁጥር

እኔ ነኝ። አትፈልጉ ሌላ።
ደርቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመሐንዲሶቹ ኋላ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ወንበር ሳሰላ።

የአንደኛ ማዕረግ ሥርዓቱ ቀላል ነው፦
ከአንዱ ጎን ሁለት፣ ከሌላው ጎን አንድ፣
በመሃል ለሻይ ጋሪ የምታህል መንገድ።
ጥንዱ ለባልና ሚስት፣ ነጠላው ለብቸኛ፣
ላኮረፈ ነጋዴ፣ ለጋዜጣ፣ ለዳኛ፣
የሰው ትከሻ ሳይነካት ልትተኛ
ለምትሻ መንገደኛ።

ከሰማያዊ ካርቶን ወንበር እቆርጣለሁ፣
ጥፍር የምታክል፤
በሠረገላው ሥዕል ላይ እደረድራለሁ።
ገፋ፣ ሳብ፣ ዞር፣
እንደ ገበጣ ጠጠር።
ግድግዳው ብረት ነው፤ መስኮቱ አይገፋም፤
ወንበር ግን ገር ነው፤ ሲገፉት አይከፋም።

የመጀመሪያው ሥዕሌ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣
ለእያንዳንዱ ወንበር አንድ መስኮት የታደለ።

አንድ ማክሰኞ ሚስተር ሃስላም መጣ፣
ክራቫቱ ላይ የእንቁላል ጠብታ።
"አንድ ረድፍ ጨምር፤ ሦስት ሰው ነው፣ ሦስት ትኬት፣
በቀን ስድስት ጊዜ፤ አባዛው በዓመት።"
"የት ላግባው?" አልኩት።
"ከየረድፉ አራት ጣት ቀንስለት።
ለአራት ጣት የሚጮህ ጉልበት የት አለ?" አለ፣
በሩን ሳይዘጋ ወደ ሻዩ ኮበለለ።

ቀነስኩ።
የመጀመሪያው ወንበር ከመስኮቱ አራት ጣት ራቀ፣
ሁለተኛው ስምንት፣ ሦስተኛው ዐሥራ ሁለት፤ ማን አወቀ?
ቀስ በቀስ ወንበርም በእግሩ ይሄዳል፤
አምስተኛው ረድፍ ላይ ግድግዳ ይወልዳል።
ከግርጌው ፈረምኩ፦ አልባን ፔንፎልድ።
ደግሞስ ሰው የሚከፍለው ለስፋት ነው፣
ለክንድ ማሳረፊያ፣ ለነጭ ጨርቅ፤
መስኮት ደረሰኝ ላይ አይጻፍ።
(እንዲህ እያልኩ ስንት ሌሊት ተኛሁ።)

ሰባ ሲሞላኝ ልጄ ኢሞጅን
አንደኛ ማዕረግ ቆረጠችልኝ፣ እስከ ኤዲንብራ፤
ዐሥራ ሰባት ቁጥር፣ ነጠላ፣ መስኮቱ ሙሉ።
ከፊቴ፣ ዐሥራ አራት ላይ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ
አንዲት ባልቴት፤ ወይዘሮ ኤትልዊን።
"በርዊክ ነው ያደግኩት" አለች ዞራ፣
"ባሕሩን ካየሁት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤
ለእሱ ስል ነው ያጠራቀምኩት፣ ከጡረታዬ ላይ፣ ከራቴ።"

ኒውካስል አለፍን። አንገቷን እንደ ዝይ
አስረዝማ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ስታይ፣
ከጎኗ ግራጫ ፕላስቲክ፣ አንድ የኮት መስቀያ።
"ይህን የሠራው ሰውዬ" አለች፣
"ዓይኑን ያን ቀን ለማን አውሶት ነበር?"

"እኔ እንጃ" አልኩ።
ዶሮ አልጮኸም፤
የሻይ ጋሪው ጎማ ግን ሲጥጥ አለ።

ተነሣሁ። "እባክሽ፣ ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ፣
እንቀያየር" አልኳት።
ፀሐይ አልነበረም። እሷም አውቃለች።

ከግድግዳዬ ጋር ተቀመጥኩ።
ማንም እንዳያየኝ በካፖርቴ ከልዬ
ጣቶቼን አሰለፍኩ፣ ከመስኮቱ ጠርዝ ጀምሬ፦
አራት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ስድስት፣
ሃያ። ልክ ነው።
አንዲት ጣት አልተሳሳትኩም።

ከኋላዬ ድምጿ መጣ፦
"እንደማስታውሰው ሰማያዊ አይደለም። ቡናማ ነው።
አንድ ጀልባ። ሌላ ጀልባ። ሰው ውሻውን ይዞ…
ይታይሃል?"

"ይታየኛል" አልኩ፣
መዳፌን ከግድግዳው ሳላነሣ።