አሥራ አራት ደረጃ

ሰኞ ማታ ዜናው ገንዘብ መጣ አለ፣
አርባ ሚሊዮን ፓውንድ ለወረፋው ዋለ።
ማክሰኞ ጠዋት ላይ ከዚያ የደረሰኝ
አዲስ ማዳመጫ፣ ጆሮዬን ያሳከከኝ፤
አንድ ረጅም ዝርዝር፣ ከላይ እስከ ታች ስም፣
ስሙን አውቀዋለሁ፣ ፊቱን ግን አላውቅም።

ነስታ እባላለሁ፣ የቀጠሮ ጸሐፊ፣
በሰሜን ዌልስ ዳር፣ ባሕር አጠገብ፣ የዳሌና የጉልበት ወረፋ አሳላፊ።
የተሰጠኝ ጥያቄ ወረቀት ላይ ታትሟል፦
«ቀዶ ሕክምናውን አሁንም ይፈልጋሉ?» ይላል።
ሦስት ዓመት ሙሉ በከዘራ ለቆመ
ጥያቄው ራሱ ሌላ ሕመም ሆኖ አመመ።

ወይዘሮ ግዌንሊያን ስልኩን አነሡና፦
«ዳሌዬን? አሠራሁት፣ ሊትዌኒያ ሄጄ፣ ተጎታች ቤታችንን ሸጥሁና፤
በጋ በጋ የምንከርምባትን፣ ባሕር የምናይባትን።
ዳሌውስ ደኅና ነው፤ እንጃ እንግዲህ ባሕሩን።»
አንድ መስመር ሰረዝሁ።

አቶ ቲደር ብዬ ደወልሁ፣ ልጃቸው ነው ያነሣው፤
ዝም አለ፤ ዝም አልሁ፤ ከኋላ ውሻ ይጮኻል፤
«ኅዳር ላይ» አለኝ፤ «ቀብሩም ዝናብ ነበረው።»
አንድ መስመር ሰረዝሁ።
ፎርሙ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት ናቸው፤
«ከወረፋ ወጣ» ይላል፤ በየት በር እንደ ወጣ ግድ የለው።

አለቃዬ ሊኖስ ግድግዳው ላይ ቀን መቁጠሪያ ሰቅላ፣
መጋቢት ሠላሳ አንድን በቀይ ከብባ፣
«እስከዚህ ነው» አለች፤ «ገንዘቡ ከዚያ በኋላ…»
አልጨረሰችውም።
ዳሌ ግን የበጀት ዓመት አያውቅም፤
ሚያዝያም ላይ ይፈጫል፣ መስከረምም ላይ አይታክትም።

አንዷ በግ አርቢ ናት፣ ዕድሜዋ ሰባ ሁለት፤
«በመጋቢት አይሆንም፤ በጎቼ ይወልዳሉ፤ ጉልበቴን ግንቦት አድርጉት።»
እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ገበያ ቀን ተከራከረችኝ፤ ወደድኋት።
ለግንቦት በጀት የለም። በእርሳስ ጻፍሁላት።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል።
እንቁላሉስ ይሂድ፤ እግሩ እምቢ ያለው ሰው በምኑ ይሄዳል?

ገንዘቡ ውሸት አልነበረም፤ ይህንንም ልመስክር፤
ቅዳሜ የሚዘጋው የቀዶ ክፍል፣ ቅዳሜ በርቶ ነበር።
የማደንዘዣ ሐኪሟ፣ ከኬራላ የመጣችው፣ ሁለት ፈረቃ ሠርታ
መኪናዋ ውስጥ አየኋት፣ ጫማዋን አውልቃ፣ መሪው ላይ ተኝታ።
ሚሊዮን ሲዘረዘር ለካ ይኸው ነው፦
የሰው እንቅልፍ፣ አምፖል፣ የብረት ዳሌ፣ አንድ ከረጢት ደም፣
የቀዘቀዘ ሻይ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ኤምሪስ ፓሪ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበሩ።
«እኔ ከታች፣ ሶፋ ላይ፤ ኤሉነድ ከላይ ናት» አሉ፣
«መሃላችን አሥራ አራት ደረጃ አለ» — እየቆጠሩ።
አርባ ዓመት ከደመወዛቸው ግብር ተቆርጧል በየወሩ፤
ሰው የገዛ ገንዘቡን ወረፋ ይዞ ሲጠብቅ…
አላልሁም፤ እሳቸውም አልተማረሩ።
ማታ በከዘራ ኮርኒሱን አንዴ ይመታሉ፤ ያ «ደኅና እደሪ» ነው፤
ሚስታቸው በጫማ ተረከዝ ሁለቴ ይመልሳሉ፤ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው።
ሦስት ጊዜስ? አልሁ። ሳቁ። «እሱ የኛ ጉዳይ ነው።»
ለየካቲት፣ ቅዳሜ ማለዳ ቀጠርኋቸው። አመሰግናለሁ አላሉም፤
«ሦስት ዓመት» አሉ ብቻ፤ ልክ ነበሩ፣ አልተከራከርሁም።

ግንቦት ላይ ጋዜጣው ጻፈ፦ «ወረፋው በሺህ ቀነሰ።»
እውነት ነው። የቲደር ስምም ቀነሰ። የግዌንሊያን ባሕርም አነሰ።
ቅዳሜ መብራቱ ጠፍቷል። ሐኪሟ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች አሉኝ፤
የጆሮ ማዳመጫው ለምዶኛል፤ ድሮ ነበር የሚያሳክከኝ።

ሰኔ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ «አቤቱታ አይደለም» አሉ ኤምሪስ፣
«ዘጠነኛው ደረጃ ለካ ይጮኻል፤ ረስቼው ኖሯል፤
ትናንት ማታ ስረግጠው ሲጥ አለ፤
'ማነው እሱ?' አለች ከላይ፣ እንደ ሌባ ቀስ ብዬ ስደርስ።»

ለዚህ የሚሆን ሣጥን ፎርሙ ላይ ፈለግሁ፤
«ከወረፋ ወጣ» ነው ያለው፤ ያንኑ ምልክት አደረግሁ።
ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ ስም አለ፣ ደብዝዟል።
ደወልሁ።